ከቤት ጀርባ ያለው አትክልት ለእንግዳ ሲከፈት



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ጉዳይ በትላልቅ ከተሞች ዳርቻ በሚገኙ የመኖሪያ ሠፈሮች ከቤት ጀርባ ተሰውሮ ስላለው የግል አትክልት ስፍራና፣ ይህንንም አትክልት ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ገብቶ ሊጐበኘው ስለሚችልበት ሥርዐት ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የእንግሊዝ አገር፣ በተለይም የሎንዶን ከተማ ነው። ሎንዶንን የመረጥንበት ምክንያት ሕዝቧ አትክልትን በመውደድ ከሌላው ሕዝብ ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ ጓሮን የሚያህል የግል ነገር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለማያውቁት ሰው የመክፈትን ልማድ ደንብ አበጅተውለት ወደ አንድ መቶ ዓመት ያህል ስላቈዩት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሎንዶን መካከል ተነሥቶ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የተጓዘ እንግዳ ከአንዱ የዳርቻ ሠፈር ቢወርድ፣ በመጀመሪያ የሚያየው ነገር ብዙ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ቤቶቹ በቀይ ወይም በቡናማ ጡብ የተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው እንደ ወታደር ሰልፍ የቆሙ ናቸው። በፊት ለፊታቸው ሁለት ሦስት እርምጃ የምትሆን ደጅ አለች፤ እርስዋም ብዙ ጊዜ የቈሻሻ በርሜል ማስቀመጫና የመኪና ማቆሚያ ሆናለች። እንግዳው «በዚህ ሠፈር ሣር የሚባል ነገር የለም» ብሎ ቢመለስ አይፈረድበትም። ሠፈሩ ፊቱን ለመንገድ ሰጥቶ ገበናውን ከጀርባው የያዘ ነውና።

ይህም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ሎንዶን ወደ ዙሪያዋ ሜዳ እየሰፋች በሄደች ጊዜ ቤት ሠሪዎቹ መሬቱን የሚሸነሽኑት በጠባቡና በረዥሙ ነበር። መንገድን የሚነካው የመሬት ፊት ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ለያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ግን መሬቱ እንደ ጥቅል ጨርቅ ተዘርግቶ ይሰጠዋል። ሁለት መንገዶች ጐን ለጐን በተቀየሱ ጊዜ የአንደኛው መንገድ ቤቶች ጓሮ ከሁለተኛው መንገድ ቤቶች ጓሮ ጋራ ጀርባ ለጀርባ ይገናኛል። በዚህ ዓይነት በቤቶቹ ተርታ መካከል ከመንገድ የማይታይ አንድ ረዥም አረንጓዴ ሸለቆ ተፈጠረ። ወፉ የሚጮኸው፣ ቀበሮው የሚያድረው፣ ከዕርሻው ዘመን ሳይቈረጥ የቀረው አሮጌ ዛፍ የሚገኘው በዚያ ነው። በጠቅላላው ሲለካ ከታላቋ ሎንዶን የመሬት ስፋት ሩብ የሚያህለው የመኖሪያ ቤት አትክልት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሩብ ሙሉውን ያየው ሰው የለም። እያንዳንዱ ባለቤት የሚያውቀው የራሱን ቍራጭ፣ ቢበዛም በፎቁ መስኮት በኩል የጎረቤቱን ነው። የከተማው ሹም እንኳ ቢሆን እንደ ፈለገ ገብቶ ሊረግጠው አይችልም።

የዚህ ሸለቆ በር ለእንግዳ የተከፈተው በአትክልት ፍቅር ሳይሆን በሕመምተኞች ምክንያት መሆኑ የሚያስገርም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1859 በሊቨርፑል ከተማ ዊልያም ራዝቦን የሚባል ነጋዴ ሚስቱ በጠና በታመመችበት ጊዜ ሜሪ ሮቢንሰን የተባለች አስታማሚ ቀጥሮ በቤቱ አስታመማት። ሚስቱ ከሞተች በኋላ፣ ገንዘብ ያልቸገረው ቤት ይህን ያህል ረዳት ካስፈለገው የድኻው ቤትማ እንዴት ይሆናል ብሎ በማሰብ፣ ይህችኑ አስታማሚ በራሱ ገንዘብ ደመወዝ እየከፈለ የከተማውን ድኾች በየቤታቸው እየዞረች እንድታስታምም አደረገ። ሥራው እየተስፋፋ ሄዶ በ1887 ንግሥት ቪክቶርያ የነገሡበት 50ኛ ዓመት ሲከበር ሴቶች ካዋጡት ገንዘብ ላይ ለዚሁ ተግባር ተመድቦ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስታምሙ ነርሶችን የሚያሠለጥን ተቋም ቆመ።

የነርሶቹ ጠባቂ የነበሩት ንግሥት አሌክሳንድራ በ1925 በሞቱ ጊዜ የተቋሙ አማካሪዎች ለስማቸው መታሰቢያ የሚሆን ገንዘብ የሚሰበሰብበትን መንገድ ፈለጉ። ኤልሲ ዋግ የምትባል አንዲት የምክር ቤቱ አባል በ1926 ያቀረበችው አሳብ በጣም ቀላል ነበር፤ ባለ አትክልቶች በራቸውን ይክፈቱ፣ የሚገባውም ሰው አንድ ሽልንግ ይክፈል የሚል ነው። በሚከተለው ዓመት፣ ማለት በ1927 በሰኔ ወር ለጥቂት ቀን ብቻ ታስቦ የተጀመረው ነገር የሕዝቡ ብዛት ስላየለ እስከ መስከረም እንዲቈይ ተደረገ። በዚያ አንድ በጋ 609 አትክልቶች ተከፍተው 8,191 ፓውንድ ተሰበሰበ። በዚያ ጊዜ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ስለ ነበረ፣ ገንዘቡ ሁሉ የመግቢያ ዋጋ ብቻ ነው ብንል ከ160,000 የማያንስ ሰው የሰው ዐጥር አልፎ ገብቷል ማለት ነው። ከተከፈቱትም ውስጥ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የፈቀዱት የሳንድሪንግሃም አትክልት ይገኝበታል።

በእኔ አስተያየት የዚህ ሥርዐት ብልኀት ያለው በዚያች ሽልንግ ላይ ነው። በሩ በነጻ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ጐብኚው የባለቤቱ ውለታ ያለበት፣ ባለቤቱም በጎ አድራጊ ነኝ ባይ በሆነ ነበር። ዋጋው ብዙ ቢሆንም ኖሮ ነገሩ ንግድ ይሆናል። ጥቂት ገንዘብ ተከፍሎ ያውም ገንዘቡ ለባለቤቱ ሳይሆን ለሕመምተኛ ሲሄድ ግን፣ ገቢውም ሆነ አስገቢው አንገቱን ሳይደፋ በአንድ መስክ ላይ ቆሞ ስለ ጽጌረዳ ሊጫወት ይችላል። ሁለቱም ሰጪዎች ናቸውና።

ማኅበሩ እስከ 1931 ባለው ጊዜ ከ1,000 በላይ አትክልቶችን በስም ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። ዝርዝሩ በቢጫ ሽፋን ታትሞ ይወጣ ስለ ነበር ሕዝቡ «ቢጫው መጽሐፍ» ብሎ ሰየመው። በ1948 የእንግሊዝ መንግሥት የጤና ጥበቃን ሥራ በሙሉ በእጁ ሲያደርግ የነርሶቹም ደመወዝ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚከፈል ሆነ። የማኅበሩ ተግባር በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከሥራ ወጥተው ለሸመገሉ ነርሶች ጡረታ መደጐሚያ እንዲሆን፣ ከፊሉም ታሪካዊ አትክልቶችን ለሚጠብቀው ማኅበር እንዲሰጥ ተወሰነ። ከ1984 ጀምሮ ደግሞ የነቀርሳ ሕመምተኞችን ለሚረዱ ነርሶች ይሰጥ ጀመር። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ከ3,000 በላይ የግል አትክልቶች በዚህ መንገድ ይከፈታሉ፤ ከመጀመሪያው ጊዜ አንሥቶ ለነርሶችና ለሕሙማን የተሰጠውም ገንዘብ ከ70 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኗል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈቱት አብዛኞቹ የመኳንንትና የባለጠጎች ሰፋፊ አትክልቶች ነበሩ። እነዚያን ማየት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሃያ አትክልተኛ ቀጥሮ የተሠራን ነገር አይቶ «ይህን እኔም በቤቴ አደርገዋለሁ» የሚል ጐብኚ አይኖርም። ይልቅስ ልብን የሚነካው በኋላ ጊዜ የመጣው ነው፤ ይኸውም በዳርቻ ሠፈር የሚኖረው የመምህሩ፣ የባንክ ጸሓፊው፣ ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ጓሮ ነው። ማኅበሩ አንድን አትክልት ከመቀበሉ በፊት በየአውራጃው ያሉ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ሄደው ይመለከቱታል። ከቀድሞ ጀምሮ የነበረው መመዘኛ፣ አትክልቱ ጐብኚውን 45 ደቂቃ ያህል ሳያሰለች ሊያቈየው ይገባል የሚል ነው። አንድ ትንሽ ጓሮ ይህን ያህል ጊዜ ላያቈይ ስለሚችል፣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ተባብረው በአንድ ቀን በራቸውን እንዲከፍቱ ተፈቀደ። ጐብኚው አንድ ጊዜ ይከፍልና ካርታ ተሰጥቶት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወራል።

የሚገርመው ታዲያ ይህ መዘዋወር የሚያሳየው ልዩነት ነው። መሬቱ አንድ፣ ስፋቱ እኩል፣ ዝናቡም ያው ነው። ከሥር ያለው አፈር የሎንዶን ሸክላ የሚባለው ሲሆን፣ በክረምት እንደ ማጣበቂያ የሚይዝ፣ በበጋ እንደ ጡብ ተሰነጣጥቆ የሚደርቅ ነው። ይሁንና አንዱ ባለቤት ዓመት ሙሉ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ እየጨመረ አፈሩን ለውጦ ጽጌረዳ ያበቅልበታል። ጎረቤቱ ደግሞ ከአፈሩ ጋራ መታገሉን ትቶ ሸክላ የሚወዱትን ብቻ መርጦ ይተክላል። ሦስተኛው ሣሩን ከነጭራሹ አንሥቶ ኩሬ ቈፍሮ እንቁራሪት ያረባል። ጐብኚው በአንድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ዓይነት ችግር የተሰጡ ሦስት መልሶችን ያያል፤ ባለቤቶቹም በዚያው ቆመው ስለሚገኙ ምክንያቱን ሊጠይቃቸው ይችላል። ይህን የመሰለ ትምህርት በሕዝብ መናፈሻ አይገኝም። በመናፈሻው አበባውን እንጂ የተከለውን ሰው አታገኙትምና።

ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዘ ቤት ወደ ጓሮው የሚያስገባ የጐን በር ስለማይኖር፣ አንዳንድ ጊዜ እንግዳው በቤቱ ውስጥ አልፎ ነው የሚገባው። የቤተሰቡ ኮት ከተሰቀለበት፣ የልጆቹ ጫማ ከተደረደረበት መተላለፊያ አልፎ በወጥ ቤቱ በር ይወጣል። እንግሊዛዊ ቤቱን ለማያውቀው ሰው እንደማይከፍት የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ይረዳዋል። ስለዚህም ጐብኚው የሚጠብቀው ያልተጻፈ ሕግ አለ። ወደ መስኮት አጮልቆ አያይም። ከተሠራው መንገድ ወጥቶ መደቡን አይረግጥም። ከሁሉ ይልቅ ቅርንጫፍ ቈርጦ በኪሱ አይከትም። ይህ የመጨረሻው ነገር የባለ አትክልቶች ሁሉ የቈየ ስሞታ ነው፤ ለተከላ ትሆነኛለች ብሎ ጫፏን የሚቀነጥስ ሰው አንድ ቢሆን ምንም አይደለም፣ ሁለት መቶ ሰው በሚገባበት ቀን ግን ቍጥቋጦው ተላጭቶ ያድራል። ደግሞም አያስፈልግም፤ በደጁ ላይ ባለቤቱ ያፈላቸው ችግኞች በትንሽ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ሻይና በቤት የተጋገረ ኬክም አብሮ ይቀርባል።

እስካሁን የተናገርነው በዐጥር ስለ ተከፋፈለ ጓሮ ነው። ዐጥሩን ራሱን ከመሠረቱ ለመለወጥ የተሞከረበት ሠፈርም አለ። ሄንሪየታ ባርኔት የተባለችው ሴት ከቄሱ ባልዋ ጋራ በዋይትቻፕል የድኾች ሠፈር ብዙ ዓመት ስትሠራ ኖራለች። በሰሜን ሎንዶን ሃምስቴድ ከሚባለው ገላጣ መስክ አጠገብ የምድር ውስጥ ባቡር ሊገባ መሆኑን በሰማች ጊዜ ቤት ሠሪዎች መስኩን እንዳይወሩት አስባ ተነሣች። ሰማንያ ኤክር የሚያህለው መስክ ለሕዝብ እንዲቀር ከተደረገ በኋላ፣ ከኢተን ኮሌጅ 243 ኤክር መሬት ተገዝቶ በ1907 የሃምስቴድ የአትክልት ሠፈር ተመሠረተ። ንድፉን ሬይመንድ አንዊን ከባሪ ፓርከር ጋራ አወጣው። ለዚሁ ሠፈር በ1906 ልዩ ሕግ ወጥቶ ስለ ነበር በአንድ ኤክር ላይ በአማካይ ከስምንት ቤት በላይ አይሠራም፤ በአትክልቶቹም መካከል የሚቆመው የግንብ ዐጥር ሳይሆን ሕያው የቍጥቋጦ ዐጥር ሆነ። ጓሮዎቹን እያቋረጡ የሚያልፉ ትዊትን የሚባሉ የእግረኛ ቀጫጭን መንገዶችም ተበጁ። መንገደኛው በሁለት አረንጓዴ ግድግዳ መካከል ሲሄድ የሰውን ግቢ ሳይረግጥ የአበባውን ሽታ ይጋራል። በቤቶቹ ጀርባ ደግሞ ነዋሪዎች የሚያርሷቸው የጋራ መደቦችና የቴኒስ ሜዳዎች አሉ፤ በአውራው ጎዳና የሚያልፍ ሰው መኖራቸውን አይጠረጥርም።

የባርኔት ዋና አሳብ ባለጠጋውና ሠራተኛው በአንድ ሠፈር እንዲኖሩ ነበር። ዛሬ ግን የሠፈሩ ቤቶች ዋጋ እጅግ ውድ ከመሆኑ የተነሣ ለሠራተኛው ተብሎ የተሠራውን ጐጆ እንኳ ሠራተኛ ሊገዛው አይችልም። አረንጓዴነቱ ራሱ ዋጋውን ሰቅሎ የታሰበለትን ሰው አስወጣው ማለት ይቻላል። የሆነ ሆኖ አትክልቱ አልጠፋም። በ1968 የተቋቋመው የሠፈሩ ጠባቂ ድርጅት ካልፈቀደ በስተቀር ባለቤቱ በገዛ ግቢው ያለውን ዛፍ መቍረጥ ወይም ግቢውን በድንጋይ መድፈን አይፈቀድለትም።

ሕግ በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው የሎንዶን አደባባዮች ታሪክ ነው። በከተማው መካከልና በቀድሞ ዳርቻዎቹ በአራት ማዕዘን የተሠሩ ቤቶች በመካከላቸው አንድ አንድ አትክልት አላቸው፤ ዙሪያው በብረት ዐጥር የታጠረ፣ ቍልፉም በነዋሪዎቹ እጅ ብቻ የሚገኝ ነው። በሞርኒንግተን ክሬሰንት ይገኝ የነበረው እንዲህ ያለ አትክልት ተሸጦ ከ1926 እስከ 1928 ባለው ጊዜ የሲጃራ ፋብሪካ ተሠራበት። ሕዝቡ በዚህ ስለ ተቈጣ መርማሪ ኰሚሲዮን ተሰየመ፤ በ1931ም ከ400 በላይ የሆኑ አደባባዮች ቤት እንዳይሠራባቸው የሚከለክል ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ባለቤትነቱን ከባለርስቱ አልወሰደም፤ በሩንም ለሕዝብ አልከፈተም። አረንጓዴው እንዳይጠፋ ብቻ አዘዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረቱ ለጦር መሣሪያ ተብሎ በተነቀለ ጊዜ ሕዝቡ ወደነዚህ አትክልቶች ያለ ከልካይ ገባ፤ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ግን ዐጥሩ ተመልሶ መቆም ጀመረ፤ ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል በ1944 ይህን በጋዜጣ ነቅፎ ጽፏል። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ ብዙዎቹ በዓመት አንድ የሳምንት መጨረሻ በፈቃዳቸው እየተከፈቱ ሕዝብ ይጐበኛቸዋል።

ለአደባባዮቹ እንዲህ ያለ ሕግ ሲኖር ለተራው ጓሮ ግን አልነበረም። በሎንዶን የተደረገ አንድ ጥናት እንዳስረዳው ከ1998 እስከ 2008 በነበሩት ዐሥር ዓመታት ከመኖሪያ ቤት አትክልት ውስጥ 3,000 ሄክታር የሚያህል ለምለም መሬት ጠፍቷል። ይህም በየዓመቱ ከሁለት ሃይድ ፓርክ በላይ ማለት ነው። የወሰደው ታላቅ ፋብሪካ ወይም ሰፊ ጎዳና አይደለም፤ አንዱ መኪናውን ለማቆም ደጁን በድንጋይ ደፈነ፣ ሌላው መጋዘን ሠራ፣ ሌላው ሣር ማጨድ ሰለቸው። እያንዳንዱ ያጠፋው ከአንድ ክፍል ወለል አይበልጥም። ነገር ግን ያ የተደፈነው መሬት ይመጠው የነበረው ዝናብ ወደ መንገድ ፈስሶ የውሃ መውረጃ ቦዩን ያጥለቀልቃል። በዚህ ምክንያት ከ2008 ጀምሮ በእንግሊዝ የፊት ለፊት ደጁን ከአምስት ካሬ ሜትር በላይ ውሃ በማያሳልፍ ነገር የሚደፍንና ውሃውን ወደ መንገድ የሚለቅ ሰው የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ ተደርጓል። እስከ 2010 ድረስ ደግሞ በሕጉ አነጋገር ጓሮ «ቀድሞ ቤት የተሠራበት መሬት» ተብሎ ከፈረሰ ፋብሪካ ጋራ በአንድ መዝገብ ይቈጠር ስለ ነበር በላዩ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ማግኘት ይቀልል ነበር፤ በዚያ ዓመት ከዚያ መዝገብ ወጣ። በአንድ የመዝገብ አርእስት ስንት ዛፍ ሊቈረጥ ወይም ሊድን እንደሚችል በመሥሪያ ቤት ለሚውሉ አድማጮቻችን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጠፋ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ጄኒፈር ኦወን የተባለችው የሥነ ሕይወት ሊቅ በትዕግሥት ቈጥራዋለች። በሌስተር ከተማ ዳርቻ በሚገኘው ተራ ጓሮዋ ከ1972 እስከ 2001 ድረስ 30 ዓመት ሙሉ ያየችውን ፍጥረት ሁሉ እየመዘገበች 2,673 ዓይነት አገኘች፤ ከዚህ ውስጥ 474ቱ ዕፀዋት፣ 1,997ቱ ነፍሳት፣ 138ቱ ሌሎች አከርካሪ የሌላቸው ፍጥረታት፣ 64ቱ አከርካሪ ያላቸው ናቸው። ጓሮዋ ጫካ አልነበረም፤ ጎመንና አበባ የሚበቅልበት፣ ሣሩም የሚታጨድ ነበር።

የዳርቻ ሠፈር አትክልት ለአገራችን ታሪክም ባዕድ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በስደት እንግሊዝ አገር በገቡ ጊዜ በባዝ ከተማ ዳርቻ ፌርፊልድ የሚባለውን ባለ አትክልት ቤት ገዝተው እስከ 1940 ኖረውበታል፤ በ1958ም ለከተማው አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጥተውታል።

ከአድማጮቻችን መካከል ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያ አገር የሚሄድ ቢኖር፣ አትክልቶቹ በብዛት የሚከፈቱት ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባሉት እሑዶች ከቀትር በኋላ ነው። ስኖውድሮፕ የተባለውን ነጭ አበባ ለማየት ግን በብርድ፣ በየካቲት ወር የሚከፈቱ አሉ። በመንገዱ ዳር የተሰቀለውን ቢጫ ማስታወቂያ ተከትሎ መሄድ ይበቃል። ዝናብ ቢዘንብም በሩ አይዘጋም፤ ጐብኚው ሲያንስ ባለቤቱ ለጨዋታ ጊዜ ስለሚያገኝ እንዲያውም ይሻላል። ኬኩ ግን በዝናብም ቢሆን ቶሎ ያልቃልና ቀደም ብሎ መድረስ ይበጃል።